አዎ የመሰለኝ ትንፋሽ

በዚያን ጊዜ ምላሴ የሚያስተዳድረኝ ሰው ነበርኩ። ስሜ መልካሙ ነው፤ ጂንካ ተወልጄ ያደግኩ የአሪ ልጅ ነኝ። ቤታችን ውስጥ አሪኛ፣ ከቤት ስወጣ አማርኛ እናገራለሁ፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ ከትምህርት ቤትም፣ ከቤተ ክርስቲያናችን እንግዶችም፣ ከቱሪስቱም ለቃቅሜ ያጠራቀምኩት ነው። ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። ዛሬም በዚሁ ሥራ ላይ አለሁ፤ ግን ያኔ የነበረው መልካሙና አሁን ይህን የሚጽፍላችሁ መልካሙ አንድ ሰው አይመስሉኝም። በሁለቱ መካከል አንድ ቅዳሜ አለ።

ጓደኞቼ «ሬዲዮው» ይሉኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሙገሳ እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንግዳ መኪና ውስጥ ገብቶ በሩ ሳይዘጋ ወሬ እጀምራለሁ። ሐመር እንዲህ ነው፣ በና እንዲያ ነው፣ ማጎ ፓርክ ውስጥ ይሄ ይሄ አውሬ አለ፣ ዱስ መንደር ያሉት ካሮዎች የኦሞ ወንዝ ሲጎድል ዳርቻው ላይ ይዘራሉ… ሲመሽ የእኔ ጉሮሮ ደርቆ፣ የእንግዳው ዓይን ቀልቶ እንለያያለን። እንግዶቼ እንደተደሰቱ እርግጠኛ ነበርኩ። ጠይቄያቸው ግን አላውቅም።

ከምላሴ ሌላ አንድ የምኮራበት ወረቀት ነበረኝ። «ለውጭ አገር ጎብኚዎች የሚሰጥ ጠቃሚ ምክር» የሚል ርዕስ ያለው፣ ኮምፒውተር ቤት አስተይቤ በላስቲክ ያስለበጥኩት፣ አሥራ አምስት ተራ ቁጥር ያለው ወረቀት ነው። አንዱን እንግዶቼ የሚያርፉበት ሆቴል መግቢያ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሌላውን ከኪሴ አላወጣውም። ሳይስማሙ ፎቶ አያንሱ። ክፍት ጫማ አያድርጉ። ገበያ ሲሄዱ ቦርሳ አይያዙ። ከመንገድ ዳር ሰው አይጫኑ። ባዶ ሃይላንድ ለልጆች አይስጡ። በነገራችን ላይ በእኛ አገር የታሸገ ውሃ ፕላስቲክ ሁሉ ስሙ «ሃይላንድ» ነው፤ የቱሪስት መኪና ባለፈ ቁጥር ልጆቹ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይከተላሉ። እኔም ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ስለሆንኩ እንግዳ እንዲሳሳት አልፈቅድም ነበር።

ሉዊዛ የመጣችው ሐሙስ ማታ ነው። ቤልጅየም ውስጥ ጂኦግራፊ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። የእናቴ እኩያ ስለነበረች አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን የተዋወቅነው በእንግሊዝኛ ነውና በአንቺ ቀረች። ይቅርታ አድርጉልኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥያቄ የምታበዛ ሴት ናት። ሾፌሯ ጋሽ ሸምሱ ከአርባ ምንጭ መኪናውን ይዞ አብሯት መጣ። ሃምሳውን የዘለለ፣ ከመሪው ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ የማያወራ ሰው ነው።

አርብ ዕለት ጂንካ ከተማን ሳስጎበኛት አንድ ሱቅ ገባን። ሉዊዛ ባትሪ ፈልጋ ነበር፤ እኔ «የእጅ መብራት ባትሪ አለሽ ወይ?» ብዬ ጠየቅኩላት። ባለሱቋም እንደማንኛችንም አገጯን ቀና አድርጋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገችና «ህ!» አለች። ሉዊዛ ደነገጠች።

«ምን ሆነች? ምን ብለህ አስደነገጥካት?»

ሳቄ መጣ። «አላስደነገጥኳትም። አዎ፣ አለኝ ማለቷ ነው።»

«አዎ? በትንፋሽ?»

«በትንፋሽ። እኛ እኮ እንዲህ ስንል አይታወቀንም።»

አልለቀቀችኝም። ቀኑን ሙሉ ያንን ትንፋሽ ስትለማመድ ዋለች። መጀመሪያ ሳል ይመስል ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ተዋጣላት። ሆቴል ስንመለስ አስተናጋጇ «ሻይ ልጨምር?» ስትላት ሉዊዛ አገጯን ቀና አድርጋ «ህ!» ስትል ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ሸምሱ እንኳ ሳቀ። «ማሻአላህ! አበሻ ሆነች በቃ!» አለ። እኔም ያስተማርኳት ተማሪ ፈተና ያለፈች ያህል ደረቴን ነፋሁ።

ያን ማታ ራት በልተን ስንጨርስ የነገውን መመሪያ ሰጠኋት።

«ነገ ቅዳሜ ዲመካ ገበያ ነው። ቦርሳሽን ክፍልሽ ውስጥ ቆልፈሽ ትመጪያለሽ። ተራ ቁጥር ሦስት።»

«ሙሉውን ቦርሳ?»

«ሙሉውን። ውሃና ኮፍያ ይበቃሻል።»

«ግን ውስጡ አንድ…»

«ካሜራሽን እኔ እይዝልሻለሁ» ብዬ አቋረጥኳት።

ትከሻዋን ሰበቀችና «እሺ አለቃዬ» ብላ ሳቀች። አሁን እኔ የማውቀውን እናንተም እወቁት። ልትነግረኝ የጀመረችው ነገር በአፍ የሚነፋ የአስም መድኃኒቷ ነበር። ለዓመታት ስላልተነሳባት ራሷም ብዙ አልተጨነቀችበትም። እኔ ደግሞ ዓረፍተ ነገሯን እንድትጨርስ አልተውኳትም።

ቅዳሜ ጠዋት ከጂንካ ተነሣን። መንገዱ ያኔ አስፋልት አልለበሰም። የመኪናው ማቀዝቀዣ ተበላሽቷል፤ ስለዚህ መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ቀይ አፈር ከተማን አልፈን ወደ ዲመካ ስንታጠፍ አንዲት የሐመር ሴት ልጅ አቅፋ መንገድ ዳር ቆማ አየን። ትከሻዋ ላይ ማር የያዘ ቅል ተንጠልጥሏል። እጇን አነሣች።

«እንጫናት» አለች ሉዊዛ።

«ተራ ቁጥር ሰባት…» ብዬ ወረቀቱን ከኪሴ ማውጣት ጀመርኩ።

«ወረቀትህ በእግሩ ይምጣ፤ እኛ ሴትዮዋን እንጫን።»

ጋሽ ሸምሱ የእኔን መልስ ሳይጠብቅ አቆመ። ሴትዮዋ ከኋላ ሉዊዛ አጠገብ ገባች፤ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ሉዊዛ ውሃዋን ጨርሳ ስለነበር ባዶውን ሃይላንድ ለልጁ ሰጠችው። እሱም በሁለት እጁ እቅፍ አድርጎ ያዘው። ይኸው፣ ከተራ ቁጥሮቼ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ተጣሱ ብዬ አኮረፍኩና ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። እኔ የምቀመጠው ሁልጊዜ ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ነው። ወደፊት እያየሁ አወራለሁ፤ እንግዳው ከኋላዬ ሆኖ ይሰማል።

ከፊታችን ፍየልና የገበያ ሰው እስከ አፍ ገደፉ የጫነ አይሱዙ ይሄዳል። አቧራው እንደ ጭጋግ ሸፍኖናል። ጋሽ ሸምሱ ሊያልፈው ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አልሆነለትም። እኔ አቧራውን ለምጄዋለሁ። ስለ ከብት ዝላይ ሥርዓት ጀመርኩ፤ ያ ወሬ ከጀመርኩት በቀላሉ አያልቅም።

«ወጣቱ በከብቶቹ ላይ ከመዝለሉ በፊት ዘመዶቹን ሁሉ ይጠራል። ገባሽ?»

«ህ!» አለች ሉዊዛ ከኋላዬ።

«ጎበዝ! ሴቶቹ ደግሞ ቃጭል አስረው ይጨፍራሉ። የሐመር ሴት በዚያን ቀን ምን እንደሚሰማት ልንገርሽ?»

«ህ!»

ጋሽ ሸምሱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ፈገግ አለ። እኔ ቀጠልኩ። የሐመር ሴት እንዲህ ታስባለች፣ የሐመር ሴት እንዲህ ትወዳለች እያልኩ ነው። በየመሃሉ «ህ!» ይመጣል። ቆይቶ መልሱ ጥያቄዬን መቅደም ጀመረ። «ህ!… ህ!… ህ!» ምን ያህል ወሬዬን ብትወደው ነው ብዬ ልቤ በደስታ አበጠ። እንዲህ የሚያዳምጥ እንግዳ ገጥሞኝ አያውቅም።

«አየህ ጋሽ ሸምሱ? ጥማቷን ስማ!»

«ወላሂ ከእኛም በለጠች» አለ።

በዚህ መሃል ከኋላ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ያቺ የሐመር ሴት ናት። ልውረድ የምትል መሰለኝና ሳልዞር «ገና ነው እህቴ፣ ዲመካ አልደረስንም» አልኳት። እንደገና ነካችኝ። እጄን አወዛወዝኩላት። ሦስተኛው ላይ በጥፊ ነው የመታችኝ፤ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«አንተ! ወሬ ተው! ይሄ ሴትዮ አዎ አይልም! ይሄ ንፋስ አጥቶ ነው!»

ዞርኩ።

ሉዊዛ የፊት ወንበሩን ጀርባ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደፊት ደፋ ብላለች። ትከሻዎቿ ወደ ጆሮዋ ወጥተዋል። ከንፈሯ ጠቁሯል። አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ ትንፋሽ በሳበች ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል። ዓይኖቿ እኔ ላይ ነበሩ። ስንት ደቂቃ ሙሉ ማጅራቴን ስትለምን እንደቆየች እግዜር ነው የሚያውቀው።

«አቁም! አቁም!» ብዬ ጮህኩ።

ወርጄ የኋላውን በር ከፈትኩና ላስተኛት ትከሻዋን ያዝኩ። ሴትዮዋ እጄን ገፈተረችው።

«አታስተኛ! ቀጥ ብሎ ይቀመጥ!» አለችና የራሷን ልጅ ከፍ አድርጋ ጎኑን በጣቷ አሳየችኝ። «ልጄ ሳምባ አሞት ነበር። ሐኪም አሳየኝ። እዚህ ወደ ውስጥ ሲገባ ቶሎ አምጣ አለ። እይ! እሱም ገባ! ቶሎ!»

ሉዊዛ መናገር አልቻለችም። አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አፏ ፊት አድርጋ አንድ ነገር እንደሚጫን ሰው ጨመቅ ጨመቅ አደረገች። ቀጥሎ እጇን ትከሻዋ ላይ በማንጠልጠያ መንገድ አሳለፈች፤ ከዚያም ወደመጣንበት ጠቆመች። መድኃኒት፤ ቦርሳ፤ ጂንካ። ያን ማታ ያቋረጥኩባት ዓረፍተ ነገር በእጅ ምልክት ተጨረሰ።

«ጂንካ እንመለስ! መድኃኒቷ እዚያ ነው!» አልኩ።

ጋሽ ሸምሱ ራሱን ነቀነቀ። «ጂንካ አንደርስላትም። ዲመካ ይቀርበናል፤ ጤና ጣቢያ አለ።»

«መድኃኒቱ ባይኖራቸውስ?»

«እሱን አላህ ያውቃል። ሐኪም ግን አለ። ግባ!»

መስኮቶቹን ዘጋን። ሴትዮዋ ልጇን ይዛ ወደ ፊት ወንበር ተሻገረች፤ እኔ ከኋላ ሉዊዛን ደግፌ ተቀመጥኩ። አይሱዙው ግን አሁንም ከፊታችን ነው። ጋሽ ሸምሱ ጡሩንባውን ቢያንባርቀው፣ ቢያብለጨልጭ፣ ሰው ይስቃል እንጂ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ገበያ ለመቅደም የምንጣደፍ ቱሪስቶች መስለናቸዋል። ሴትዮዋ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እስከ ወገቧ ወጣችና በሐመርኛ ጮኸች። ያለችው አልገባኝም። ከላይ የተጫኑት ሰዎች ሳቃቸውን አቆሙና የሾፌሩን ጋቢና ጣሪያ በመዳፋቸው ይደበድቡት ጀመር። አይሱዙው ጎማውን ቁጥቋጦ ውስጥ አስገብቶ መንገድ ለቀቀልን።

ያኔ ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳዬን ጥያቄ የጠየቅኩት። እጇን ያዝኩ።

«አዎ ከሆነ አንዴ ጨብጪኝ። አይደለም ከሆነ ሁለቴ። አስም ነው?»

አንዴ።

«ከዚህ በፊትም እንዲህ ሆነሽ ታውቂያለሽ?»

አንዴ።

«የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?»

ሁለቴ።

«ሌላ በሽታስ? ልብ? ስኳር?»

ሁለቴ፤ ግን ሁለተኛው ደካማ ነበር። ጣቶቿ እየቀዘቀዙ መጡ። መጸለይ ፈልጌ ቃል ጠፋኝ። ሬዲዮው ተዘጋ። ትንፋሿን ብቻ እያዳመጥኩ ነበር፤ አንዱን «ህ» ስሰማ ቀጣዩ እንዳይቀር እየፈራሁ።

ዲመካ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ግቢው በገበያ ቀን ታማሚ ተሞልቷል። ሴትዮዋ ቀድማ ወርዳ እየጮኸች ሰዉን ከፈለችው። ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ጸሐይ የምትባል አጭር ቀልጣፋ ሴት ናት። ሉዊዛን አንዴ አየችና ወደ ውስጥ አስገባቻት፤ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«ምን አላት?»

«አስም።»

«የማይስማማት መድኃኒት?»

«የለም ብላኛለች።»

«ዕድሜዋ? በየቀኑ የምትወስደው መድኃኒትስ? ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል የገባችው መቼ ነው?»

«እነዚህን አልጠየቅኳትም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው አብረሃት ያለኸው?»

«ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ስታወሩ ነበር?»

ቁጣ አልነበረባትም፤ ለሥራዋ ብላ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ያንን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም።

ሲስተር መሳቢያ ከፈተችና ትንሽ ሰማያዊ የአስም መድኃኒት መንፊያ አወጣች። ልቤ መለስ አለ። አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ነቅነቅ አድርጋ ሰማችው። ሉዊዛ አፍ ላይ አድርጋ ስትጫነው ግን መድኃኒቱ ጭስ ሆኖ በከንፈሯ ጎን ወጣ። ትንፋሿ አጥሯል፤ መሳብ አልቻለችም። ሁለተኛውም ባከነ።

«ሃይላንድ!» አለች ሲስተር ጸሐይ። «ባዶ ሃይላንድ አምጡልኝ፣ ቶሎ!»

የአእምሮዋን ነገር ተጠራጠርኩ። ሰው እየሞተ ሃይላንድ? ሴትዮዋ ግን አልጠየቀችም፤ ከልጇ እቅፍ ፕላስቲኩን ነጠቀችው። ልጁ ግቢው እስኪናጋ አለቀሰ። ሲስተር የፕላስቲኩን ቂጥ በምላጭ ቀደደችና መንፊያውን ሰካችበት። የፕላስቲኩን አፍ በሉዊዛ ከንፈር መሃል አስገባች።

«ቀስ ብላ ከውስጡ ትተንፍስ በላት። መቸኮል የለም። መድኃኒቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ይጠብቃታል።»

ተረጎምኩ። አንድ ቃል ሳልጨምር ተረጎምኩ። ሲስተር መንፊያውን ተጫነችው፤ ነጭ ጉም ፕላስቲኩን ሞላው። ሉዊዛ ሳበች። ምንም። ደግማ ተጫነችው። ምንም። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ጋሽ ሸምሱ በሩ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሲስተር ዓይኗን ከሉዊዛ አንገት አልነቀለችም፤ እኔም አንገቷን አየሁ። ያ ጎድጓዳ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል። መርፌም ወጋቻት። መጫኑንም ቀጠለች። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ከውጭ የልጁ ልቅሶ ወደ ስቅስቅታ ሲለወጥ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ የሉዊዛ ትከሻ ወረደ። ትንሽ ነው የወረደው፤ ግን አየሁት። ከንፈሯ ቀስ በቀስ መልኩን መለሰ። ፕላስቲኩን ከአፏ አወጣችና ጎርነን ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለች። አልሰማሁትም፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ልጁ» አለች። «ፕላስቲኩን… መልሱለት።»

ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

እስከ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቆየን። ሲስተር ለመንገድ የሚሆን ኪኒን ሰጠቻት፤ አቧራው ሲበርድ ቀስ ብለን እንድንመለስ መከረችን። ጋሽ ሸምሱ ከገበያ ሦስት ሃይላንድ ውሃ ገዝቶ ለልጁ አመጣለት፤ ልጁ ግን ሦስቱንም ትቶ የተቀደደውን ካልሰጣችሁኝ አለ። እኔ ወደ እናቱ ሄድኩ። ማሯን ግቢው በር ላይ እየሸጠች ነበር።

«እህቴ፣ ስምሽን አልጠየቅኩሽም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የቦና እናት በለኝ። ቦና እሱ ነው» አለችና ወደ ልጇ ጠቆመች። ቀጥላ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። «ጆሮ አለህ ለካ።»

አፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የሐመር ሴት ምን እንደምታስብ ሳስረዳ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አማርኛ የምትሰማ የሐመር ሴት ደግሞ ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር። አንዴም ዞር ብዬ እውነት ነው ወይ አላልኳትም።

እሑድ ሉዊዛ ሆቴሉ ግቢ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጣ ዋለች። ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ። ጀመርኩትና መሃል ላይ ተውኩት። «ይቅርታ፣ አቋረጥኩሽ» ብቻ አልኳት።

«እኔም አልነገርኩህም» አለች። «መድኃኒቴን ጥዬ ለመውጣት እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ስልሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ እኮ። ወረቀትህን አምጣው እስቲ።»

ላስቲኩን በቢላ ቀደን አወጣነው። እስክሪብቶ ስታነሣ ልታርምልኝ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ወደ እኔ ገፋችው።

«አሥራ አምስት መስመር አለው። አንብበውና ጥያቄ የሆነውን አሳየኝ።»

ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። አያንሱ፣ አይያዙ፣ አይጫኑ፣ አይስጡ። የጥያቄ ምልክት ያለበት አንድም መስመር አልነበረም። ስለ ደቡብ ኦሞ ለእንግዳ የሚነገረውን ሁሉ ጽፌ፣ ከእንግዳው አንድ ነገር ማወቅ እንዳለብኝ ትዝ አላለኝም። እስክሪብቶውን አንሥቼ ከሁሉም በላይ፣ ከርዕሱ ሥር ባለችው ጠባብ ቦታ ጻፍኩ፦ «ሕመም አለብዎት? መድኃኒትዎ የት ነው? እባክዎ አሁን ያሳዩኝ።» ሉዊዛ አነበበችውና መጨረሻ ላይ በራሷ እጅ አንድ ጨመረች፦ «አስጎብኚው ወሬ ካበዛ ያቋርጡት።» ሁለቱም መስመሮች እስከ ዛሬ አሉ።

ወዳጆቼ፣ እንግዳ የምትቀበሉም ሆናችሁ ራሳችሁ የማታውቁት አገር የምትሄዱ፣ ከዚህ ቅዳሜ የተረፈኝን ላካፍላችሁ። መድኃኒታችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ፤ ቦርሳ ይቀራል፣ ሻንጣ በሌላ መኪና ይሄዳል። ለሾፌሩም ንገሩት፤ አስጎብኚው የሚደነብር ሰው ሊሆን ይችላል፣ እንደኔ። በመንገዳችሁ ላይ ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ሃና ወደምትባለው ሩቅ ከተማ የሚሄድ እንግዳ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ እጠነቀቃለሁ፤ በዚያ መንገድ ከኋላ የሚደርስ መኪና መጠበቅ ከንቱ ነውና። አስጎብኚ ከሆናችሁ ደግሞ ከፊት ወንበር ተነሡ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላ፣ ከእንግዳው ጎን ነው የምቀመጠው። ሃይላንድ ለልጆች አትስጡ የሚለውን መስመር ግን ልሰርዘው ስል እጄ እምቢ ይለኛል፤ ልተወው ስል ቦና ትዝ ይለኛል። አሁንም አልወሰንኩም።

ዲመካ ስደርስም ስለ ሐመር ሴት የማወራው እኔ አይደለሁም። እንግዶቼን የቦና እናት ዘንድ እወስዳለሁ፤ የፈለጉትን ይጠይቋታል፣ እሷም የፈለገችውን ትመልሳለች፣ እሷም በተራዋ እነሱን ትጠይቃለች። እኔ መሃል ተቀምጬ እተረጉማለሁ። የሚገርመው፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ካወራሁት ይልቅ በዚያ ዝምታ ብዙ አወቅኩ። ደስተኛ ሰውም ሆንኩ።

ሉዊዛን ከጋሽ ሸምሱ ጋር ሆኜ የሸኘኋት ማክሰኞ ዕለት፣ ያኔ ከተማው መሃል በነበረው ሣር ሜዳ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከብቶቹ ከሜዳው ተነድተው ወጥተዋል፤ አውሮፕላኗ ቆማለች። ሉዊዛ ደረጃው ሥር ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች። ተሰነባበትን።

«ደህና ነሽ አይደል?» አልኳት።

አገጯን ቀና አድርጋ ትንፋሿን ሳበች። «ህ!»

ሁለት ትከሻዋን ጨብጬ «ጋሽ ሸምሱ! ጋሽ ሸምሱ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ሉዊዛ ግን በሳቅ ትንፈራፈራለች። ከሸሚዟ ሥር በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን መድኃኒት አውጥታ አሳየችኝና በአማርኛ፣ ቃል በቃል አድርጋ፣ «ይሄኛው አዎ ነው» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ፊቷን እያየሁ ስለነበር አመንኳት።